ያዝክ? ያዝኩ

ጎንደር ላይ ለአምቡላንስ ሠራተኞች፣ ለድንገተኛ ክፍል ነርሶችና ለበጎ ፈቃደኞች በተሰጠ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ? ከደባርቅ፣ ከጭልጋ፣ ከደምቢያ ድረስ የመጣችሁ አላችሁ። ሌሊቱን ተረኛ ሆናችሁ ሳትተኙ የመጣችሁም አላችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ልጅ ሆኜ አንዲት ጎረቤታችን ምጥ ጠናባት። ቤታችን ደምቢያ ነው፤ ጊዜው ክረምት ነው። የደምቢያን ዋልካ በክረምት የረገጠ ያውቀዋል፤ እግር ይውጣል። መኪና የሚደርስበት መንገድ ሩቅ ነበር። ወዲያው ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣና መጣ፣ በመካከሉ ጠፍር ተጠላለፈ፣ አጎዛ ተነጠፈበት። ወሳንሳ ሆነ። አራት ጎረምሶች ተሸከሟት፤ የቀሩት ለመተካት ከኋላና ከጎን ተከተሉ።

እኔ ከእናቴ ጋር እየተከተልኩ አንድ ነገር አየሁ። የደከመ ሰው ወሳንሳውን አያስቀምጥም። ተተኪው ከጎኑ ይገባል፣ ትከሻውን ከአጣናው ሥር ያስጠጋል፣ ክብደቱን ይቀበላል። የደከመው "ያዝክ?" ይላል። ተተኪው "ያዝኩ" ይላል። ያኔ ብቻ የደከመው ትከሻውን ያወጣል። መንገዱን ሁሉ እንዲህ እየተባባሉ ሄዱ። ጭቃ ላይ፣ ዝናብ ላይ፣ በጨለማ። ሴትዮዋ አንዴም አልተንገዳገደችም።

እነዚያ ጎረምሶች ሠርተፊኬት አልነበራቸውም። ሥልጠና ግን ነበራቸው። ከአባቶቻቸው ሥር ሥር እያሉ፣ መጀመሪያ ባዶውን ወሳንሳ፣ ቀጥሎ የታመመ ሰው እየተሸከሙ ተምረውታል። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያች "ያዝክ? ያዝኩ" ከምትባል ቃል አይርቅም።

አሁን ወሳንሳው ብረት ሆኗል። ጎማ አለው፣ የሚታጠፍ እግር አለው፣ ራስጌው ቀና ይላል። ስትሬቸር እንለዋለን። ሥልጠና ሲባል ስለ ደም ማቆም፣ ስለ ኦክስጅን፣ ልብ ሲቆም ደረት ስለ መጫን እንነጋገራለን፤ ልክ ነው፣ መነጋገርም አለብን። ስትሬቸሩ ላይ ስንደርስ ግን "እሱማ መግፋት አይደል?" ተብሎ ይታለፋል። ጎማው ነው የሚያታልለን። ጎማ ያለው ነገር የማይከብድ ይመስላል። ወሳንሳ የተሸከመ ሰው ክብደቱን በትከሻው ስለሚያውቀው አይዘናጋም። ስትሬቸር የሚገፋ ሰው ግን በላዩ ሰባና ሰማንያ ኪሎ እንዳለ የሚያስታውሰው ስትሬቸሩ ሲያጋድል ነው።

እኔ ያስታወስኩት እንዲያ ነው። ልንገራችሁ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ የት እንደነበር ይቅር። ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። አንድ አባት ሽንታቸው ተዘግቶባቸው ከገጠር በአምቡላንስ መጡ። መኪናው የቆየ ነው፤ ስትሬቸሩ ግን አዲስ ነበር። በልገሳ የመጣ፣ ከድሮው የተለየ ዓይነት። ማናችንም በወጉ አልተለማመድነውም። ሾፌሩ በሩን ከፈተ። እኔ ግርጌውን ያዝኩ። ልጃቸው በጭንቀት ላይ ነበርና ከጎኔ ገብቶ አብሮኝ ጎተተ። ስትሬቸሩ ወጣ፣ እግሮቹ ወረዱ፣ መሬት ነኩ። የቆመ መሰለኝ። ራስጌው ከመኪናው ወለል እንደለቀቀ እግሮቹ ታጠፉ። አልተቆለፉም ነበር። እኒያ አባት በራስጌያቸው በኩል ሄዱ።

ድምፁ እስካሁን አለ። ሽንት ሊያስወጡ መጥተው የትከሻ አጥንታቸው ተሰብሮ ተኙ። ማታ ላያቸው ስሄድ አለቀስኩ። "አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ" አሉኝ። የወደቁት እሳቸው፣ የሚያጽናኑትም እሳቸው።

ምን ማድረግ እንደነበረብኝ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እዚህ ላይ በዝርዝር እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም በእኔ እይታ ከሥራችን ሁሉ እጅግ አስጊዎቹ ጊዜያት ስትሬቸሩ መኪናው በር ላይ የሚሆንባቸው ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። በእነዚያ ሰከንዶች ስትሬቸሩ መኪናው ላይም አይደለም፣ መሬት ላይም አይደለም።

የመኪናው ወለል ጫፍ ላይ፣ በሩ ጋ፣ አንዲት የብረት መንጠቆ አለች። ብዙዎቻችን ለምን እንደተሠራች ሳንጠይቅ በየቀኑ የምንረግጣት ናት። ስትሬቸሩ ደግሞ ከራስጌው ሥር አግድም የሚሄድ ዘንግ አለው። ስትሬቸሩ ሲሳብ ዘንጉ መጥቶ መንጠቆዋ ላይ ይያዛል፤ ከዚያ አያልፍም። ራስጌው ላይ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ከወለሉ ሳይለቁ ይቆያሉ ማለት ነው። መንጠቆዋ የተሠራችው እግሮቹ ወርደው መቆለፋቸው እስኪረጋገጥ ድረስ ስትሬቸሩን እንድትይዝ ነው። እሷም እንደ ወሳንሳው ተሸካሚ "ያዝክ?" ብላ የምትጠብቅ ናት። ያን ቀን የእኛ መንጠቆ የተገጠመችው ለድሮው ስትሬቸር በተለካ ቦታ ላይ ነበር። ለአዲሱ አልገጠመችም። ዘንጉ በአጠገቧ አለፈ። አዲስ ስትሬቸር ወደ አሮጌ መኪና ሲገባ መንጠቆዋም፣ ወለሉ ላይ ያለው መያዣም ከአዲሱ ጋር መግጠማቸው መታየት አለበት። "ገብቷል እኮ፣ በሩም ተዘግቷል" ማለት ገጥሟል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ሰው ሆናችሁ ታወርዳላችሁ። አንዱ ግርጌ ይቆማል። ሌላው ከጎን፣ እግሮቹን በዓይኑ ማየት በሚችልበት ቦታ። የግርጌው ሰው መያዣውን ያስለቅቅና ዘንጉ መንጠቆዋ ላይ እስኪያዝ ድረስ በዝግታ ይስባል። ከዚያ ክብደቱን በእጁ ይቀበላል፤ እግሮቹ መሬት እስኪደርሱ ማስለቀቂያ እጀታውን ይጫናል። የጎኑ ሰው እግሮቹ ሙሉ በሙሉ መዘርጋታቸውን ያያል። ቀጭ የሚለውን ይሰማል። ጆሮ ብቻ አይበቃም፤ ግርግር ውስጥ ቀጭታው ላይሰማ ይችላል፣ የሌላ ነገር ቀጭታም ሊሆን ይችላል። መቆለፊያውን በዓይን ማየት፣ የግርጌው ሰው እጀታውን ከለቀቀ በኋላ ክብደቱን ትንሽ ወደ ታች ጫን አድርጎ መሞከር። "ተቆልፏል?" "ተቆልፏል።" የጎኑ ሰው ዘንጉን ከመንጠቆዋ የሚያላቅቀው ይህ ከተባለ በኋላ ነው። አንድም ጊዜ ከዚያ በፊት አይደለም። በሽተኛው እያቃሰተም ቢሆን፣ ቤተሰቡ እየጮኸም ቢሆን፣ ዝናብም ቢዘንብ።

በቃል ተነጋገሩ እላለሁ። በዓይን መግባባት፣ ጭንቅላት መነቅነቅ አይበቃም። አብረው ዓመታት የሠሩ ሰዎች "እኛማ እንተዋወቃለን" ይላሉ። አውቃለሁ። እኔና ሾፌሩም እንተዋወቅ ነበር።

ልጃቸው ላይ ቂም የለኝም። አባቱ ናቸው፤ ዝም ብሎ ሊቆም አይችልም። እኛ ሀገር በሽተኛ ብቻውን አይመጣም፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ያ ጸጋ ነው፤ ነገ እኛም ስንታመም እንፈልገዋለን። "ዞር በሉ!" ብሎ መጮህ መፍትሔ አይሆንም፤ ዞር ያለው ሰው ከሌላ ጎን ተመልሶ ይመጣል። ሥራ ስጡት። "ወንድሜ፣ ይቺን ግሉኮስ ከፍ አድርገህ ያዝልኝ።" "እትዬ፣ ጫማቸውንና ካርዳቸውን ይያዙልን።" "አንተ ቀድመህ በሩን ክፈት፣ መንገድ አስለቅቅ።" እጁ ሥራ ያገኘ ሰው እጀታውን አይነካም። እጀታውን የሚነካው የሠለጠነ ብቻ ነው፤ በዚያ ስትሬቸር ላይ፣ በዚያው ዓይነት ላይ የሠለጠነ። አንዱን ዓይነት ማወቅ ሌላውን ማወቅ አይደለም። የአንዱ ማስለቀቂያ ቀይ እጀታ ግርጌ ነው፣ የሌላው ጎን ነው። የአንዱ እግር መኪናውን ሲነካ ራሱ ይታጠፋል፣ የሌላው ሰው ካላስለቀቀው አይታጠፍም።

ወደ ከተማችን ልምጣ። ጎንደር ሜዳ ላይ አልተሠራችም። ከፒያሳ ወደ ቀሃ ሲወረድ፣ ወደ ቁስቋም ሲወጣ፣ የትም ብትሄዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። የመንደሩ መንገድ ኮብልስቶን ነው። ስትሬቸር የተሠራው ለሆስፒታል ኮሪደር ለሚመስል ወለል ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ትንሿ ጎማ ድንጋይና ድንጋይ መካከል ትገባለች፣ ድንገት ትቆማለች፣ የላይኛው ክፍል ግን መሄዱን ይቀጥላል። ስትሬቸሩ ከፍ ብሎ ከነበረ ያጋድላል። ስለዚህ ዝቅ አድርጉት። ለወገባችን ስለሚመቸን ከፍ አድርገን መግፋት እንወዳለን። ሻካራ መንገድ ላይ ግን መሥራት እስከሚቻልበት ድረስ ዝቅ ይበል። በርዝመቱ እንጂ በጎን አትግፉት፤ ስትሬቸር በቀላሉ የሚገለበጠው በጎኑ ነው። አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ ይያዝ። የበር መድረክ ወይም ቦይ ሲያጋጥም በግፊት ከማሻገር ቆም ብሎ ሁለታችሁም አንስታችሁ አሻግሩት።

ፍሬኑን ደግሞ አትመኑት። ፍሬን ባዶ ስትሬቸር ደልዳላ ወለል ላይ እንዳይንሸራተት ይይዛል። በሽተኛ የተኛበትን ስትሬቸር ቁልቁለት ላይ በፍሬን አቁሞ ሞባይል ማንሳት አይቻልም። እጅ ይኑርበት። ሁልጊዜ አንድ እጅ።

የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ሌላ ነው። ጥር 11 ፋሲል ጥምቀተ ባሕር አካባቢ ስንት ሰው እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። እዚያ ሕዝብ መካከል ባለ ጎማ ስትሬቸር ይዞ ለመግባት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። የሚታጠፈው የሸራ ቃሬዛና አራት የተለማመዱ በጎ ፈቃደኞች ይበልጣሉ። ስትሬቸሩ መኪናው ጋ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅ።

አሁን ስለ ቀበቶ። እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የምታገለው ከይሉኝታ ጋር ነው። "ሰው እንደ ዕቃ ይታሰራል?" ይላሉ ዘመዶች። አንዳንዴ ባለሙያውም ያፍራል። ደረት ላይ አንዷን ቀበቶ ጣል ያደርጋል፤ የትከሻዎቹ ቀበቶዎች ከፍራሹ ሥር ተጠቅልለው እንደታሸጉ ይቀራሉ። እስቲ አስቡት። በሽተኛው እግሩ ወደ በሩ፣ ራሱ ወደ ሾፌሩ ሆኖ ተኝቷል። ከአዲአርቃይ ሊማሊሞን እየወጣችሁ ነው፤ ከመጠምዘዣው ድንገት ከባድ መኪና ብቅ አለ፤ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። የበሽተኛው ሰውነት በራሱ በኩል ወደ ፊት ይንሸራተታል። የደረትና የጉልበት ቀበቶ አግድም ስለሆነ ከሥሩ ሾልኮ ይሄዳል። የሚይዘው ትከሻው ላይ የሚያልፈው ቀበቶ ብቻ ነው።

ቁጥር የሚወድ ካለ ልስጠው። አምቡላንሶችን የሚመለከተው የአውሮፓ ደረጃ፣ ኢኤን 1789 የሚባለው፣ ስትሬቸሩና መያዣው የስበትን ኃይል 10 እጥፍ ችለው እንዲቆዩ ይጠይቃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚያ ቅጽበት እንደ 700 ኪሎ ይስባል። ሰባት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። አጠገቡ ተቀምጦ "እኔ በእጄ እይዘዋለሁ" የሚል ወንድም ሰባት ኩንታል በእጁ አይይዝም። ስትሬቸሩ ራሱ ወለሉ ላይ በገመድ ከታሰረም ያው ነው። በገመድ የታሰረ ስትሬቸር አይቻለሁ። መያዣው ስላልገጠመ "እስኪሠራ ድረስ" ተብሎ የታሰረ። እስኪሠራ ድረስ ያ መኪና በሽተኛ መጫን አልነበረበትም።

ከማሰራችሁ በፊት ግን ንገሯቸው። "አባባ፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ እንዳይንገላቱ ይቺን ላጠብቅልዎት ነው።" በዚህ አነጋገር እምቢ ያለኝ ሰው አላስታውስም። ጋቢ ነገር ደግሞ አለ። የእኛ በሽተኛ በጋቢ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ያውም ድርብ። ቀበቶውን ከጋቢው በላይ ስታስሩ የጠበቀ ይመስላችኋል። ትንሽ እንደተጓዛችሁ ጋቢው ይታመቃል፣ ቀበቶው ይላላል። ጋቢውን ገለጥ አድርጉ፣ ቀበቶውን ከሰውነቱ ጋር አስተካክላችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ጋቢውን መልሳችሁ አልብሱት። ጫፉንም ወደ ውስጥ አስገቡ። የነጠላ ጥለት ጎማ ውስጥ ገብቶ ስትሬቸሩን ቀጥ ሲያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነጠላው ደግሞ አንገት ላይ የተጠመጠመ ነበር። ደግነቱ ቶሎ ተያዘ።

ነፍሰ ጡር ስትጭኑ፣ በተለይ ከአምስት ወር በኋላ፣ በጀርባዋ ዘርግታችሁ አታስተኟት። ማኅፀኑ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫናል፤ የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ለልጁም ደም ያንሳል። በግራ ጎኗ ትተኛ፣ ወይም ቀኝ ዳሌዋ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አስገብታችሁ ወደ ግራ አዘንብሏት። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ደግሞ ራስጌውን ቀና አድርጉለት፤ ተኛ ብላችሁ አትታገሉት።

ስለ ወገባችሁ አጭር ልበል። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ስትሬቸሩን ወደ ሰውነታችሁ አስጠግታችሁ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብላችሁ እኩል አንሱ። እያነሳችሁ ወገባችሁን አትጠምዝዙ። ስትሬቸሩ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚችል የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ዛሬ ስትመለሱ የራሳችሁን ፈልጋችሁ አንብቡት። ባዶውን አንድ ሰው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። በሽተኛ ካለበት ቢያንስ ሁለት የሠለጠነ ሰው። ከባድ ሰው ከሆነ ተጨማሪ ጥሩ፤ መጥራት ነውር አይደለም።

ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ "እኔ እኮ ብቻዬን ነኝ" እያላችሁ ነው። ይገባኛል። ሾፌር ብቻውን ተልኮ፣ ብቻውን ጭኖ፣ ብቻውን የሚያወርድበት ቦታ አለ። ይህ የሾፌሩ ጥፋት አይደለም፤ የምናገረው እዚህ ለተቀመጣችሁ ኃላፊዎች ነው። አንድ ሰው ይህን ዕቃ በደህና ሊያወርደው አይችልም። ሁለተኛ የሠለጠነ ሰው መመደብ ቅንጦት ሆኖ እንዳይታያችሁ። እስኪመደብ ድረስ ደግሞ ሾፌሩ ሲደርስ የሚቀበለው የሠለጠነ ሰው በሩ ላይ ይጠብቀው፤ አንድ የስልክ ጥሪ ነው የሚፈልገው። በየጤና ጣቢያው ያለውን ጥበቃና ፖርተርም አሠልጥኑ። ይህች ከተማ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የተያዘው ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅ፣ ገጠር ወርዶ የሚሠራ የሠለጠነ ሰው እናፍራ የሚል። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ከዚሁ ነው የወጡት። ስትሬቸር የሚይዝ እጅም እንዲሁ ከዚሁ ይውጣ።

ጽዳቱን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ነገር ብቻ። ደም የነካውን በ0.5 በመቶ ክሎሪን ስታጸዱ፣ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውሃ ማለት ነው፣ 10 ደቂቃ አቆዩትና በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። በረኪና ብረት ይበላል። የሚበላው ደግሞ መቆለፊያውን ነው። ጠዋት ተረኛ ስትቀያየሩ ባዶውን አንዴ አውርዳችሁ ጫኑት፤ እግሩ ይቆለፋል ወይ፣ መንጠቆዋ ትይዛለች ወይ፣ ቀበቶው ጠርዙ ተበልቷል ወይ። የተበላ ቀበቶ አይሰፋም፣ ይቀየራል።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም። መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ሆን ብለን ተዳፋቱ ላይ ነው ያቆምነው። መጀመሪያ ባዶውን እናወርዳለን፤ ቀጥሎ ግማሽ ኩንታል አሸዋ እንጭንበታለን። ከዚያ እያንዳንዳችሁ በተራ ትተኙበታላችሁ። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ ሌሎች ሲያወርዱት "ያዝክ?" "ያዝኩ" የሚለውን መስማት ምን እንደሚመስል እንድታውቁት እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የምተኛው እኔ ነኝ። ከፊት ወንበር ያላችሁት ሁለት፣ አንተ ግርጌ፣ አንቺ ጎን ሁኑ። እንውጣ።